ምዕራፍ ስድስት፦ ከጋራው ጀርባ ያለው ስልክ

በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ቆሞ ስልኩን የከፈተ ሰው የሚገጥመውን ነገር አብዛኛው አንባቢ ከራሱ ከተማ ያውቀዋል። የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ነው፤ ከጎኑ 4ጂ የሚል ጽሑፍ አለ። ቪዲዮው ግን እየዞረ ይቆማል፣ በቴሌግራም የተላከው ፎቶ አልከፈት ይላል። ሰዉ "ኔትወርክ የለም" ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ምልክቱ ግን አልዋሸም። የማማው ሞገድ ስልኩ ዘንድ በደንብ እየደረሰ መሆኑን ነው የሚናገረው። በዚያው ሞገድ ለመጠቀም ስንት ሰው ተራ እንደሚጠብቅ አይነግረንም፤ ለዚያ የተሠራ ምልክት ስልኩ ላይ የለም።

ተራውን የሚሰጠው በማማው መሣሪያ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ነው። መሐንዲሶች ስኬጁለር ይሉታል፤ እኔ በዚህ ምዕራፍ ደልዳይ እለዋለሁ። በሰከንድ ሺህ ጊዜ፣ ማለትም በየሚሊ ሰከንዱ፣ ለየትኛው ስልክ ምን ያህል እንደሚሰጥ ይወስናል። ስሌቱ የማሽን ነው። ከስሌቱ በፊት ግን ሰው የሚመልሰው ጥያቄ አለ፦ ቅርብ ያለውንና ሩቅ ያለውን በምን እናስተካክል? ጭሮ የምትገኝበትን ምዕራብ ሐረርጌን ለዚህ ጥያቄ የመረጥኩት የጨርጨር ጋራና ሸለቆ ጥያቄውን ቁልጭ አድርገው ስለሚያሳዩት ነው።

መጀመሪያ የሚከፋፈለውን ነገር እንለካው። አንድ የ4ጂ ሴል (የማማው መሣሪያ የሚሸፍነው አንድ ክልል) በ10 ሜጋኸርዝ ስፋት ይሠራል እንበል። ቴክኖሎጂው ይህን ስፋት በ15 ኪሎኸርዝ ልዩነት ወደተደረደሩ ቀጫጭን ሞገዶች ይሸነሽነዋል። አሥራ ሁለቱን አንድ ላይ ያስርና 180 ኪሎኸርዝ የሚሰፋ ብሎክ ያደርጋቸዋል። ከጎረቤት ባንድ ጋር እንዳይጋጭ ዳርና ዳሩ ክፍት ሲተው 50 ብሎክ ይገኛል። በየሚሊ ሰከንዱ 50፣ በሰከንድ 50 ሺህ ማለት ነው። ባንዱ 20 ሜጋኸርዝ ቢሆን ቁጥሩ 100 ሺህ ይደርሳል። ተጠቃሚው ቢበዛም ቢያንስም፣ የጥቅል ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። ያልተሰጠ ብሎክም ለነገ አይቀመጥም፤ ሚሊ ሰከንዷ ካለፈች አለፈች።

ብሎኮቹ በስፋት እኩል ናቸው፤ የሚሸከሙት ግን እጅግ ይለያያል። እያንዳንዱ ስልክ ሞገዱ ምን ያህል ጠርቶ እንደሚደርሰው ከ1 እስከ 15 ባለ ደረጃ ለማማው ደጋግሞ ያሳውቃል። 15 ብሎ የሚመልሰው ማማውን ፊት ለፊት የሚያይ ስልክ ነው፤ በጥድፊያ ቢያናግሩትም ይሰማል። 1 የሚለው ከጋራ ጀርባ ወይም ከሴሉ ጫፍ ያለ ነው፤ እያንዳንዷ ቢት እየተደጋገመች ካልተነገረችው አይሰማም። በ4ጂ መደበኛ ሰንጠረዥ ላይ 15ኛው ደረጃ በአንድ የሞገድ ምልክት 5.55 ቢት፣ 1ኛው ደረጃ 0.15 ቢት ያስጭናል። አንድ ብሎክ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 168 ምልክት ይይዛል። ለቁጥጥር የሚወሰደውን ትተን በአንድ አንቴና ብናሰላ፣ ያው ብሎክ ለቅርቡ ስልክ 930 ቢት ገደማ፣ ለሩቁ 26 ቢት ገደማ ያደርሳል። ልዩነቱ ከ36 እጥፍ ይበልጣል።

ይህን ወደ ኑሮ እንመልሰው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈልግ ቪዲዮ ሁለት ተማሪዎች ከፈቱ። ማማው ሥር ያለው 1,100 ያህል ብሎክ ይበቃዋል፤ ከ50 ሺሁ 2 በመቶ ነው። ከጋራው ጀርባ ያለው 39 ሺህ ያህል ብሎክ ይፈልጋል፤ 78 በመቶ መሆኑ ነው። አንድ ልጅ አንድ የትምህርት ቪዲዮ በማየቱ የሴሉን ከሦስት አራተኛ በላይ ይጨርሳል። ከተማ መሃል ካለው ሰው ጋር ለአንድ ሜጋባይት እኩል ነው የከፈለው። ብዙ መውሰዱን አያውቅም፤ ቢያውቅም የሚያደርገው ነገር የለም። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሰውዬ ሙሉ ሲግናል ይዞ ለምን እንደሚጠብቅ የገባን አሁን ነው።

በምንጭ ውሃ አትክልቱንና ጫቱን በተራ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ሒሳብ በእጁ ያውቀዋል። ቦዩ መነሻ ላይ ያለ ማሳ በአንድ ሰዓት ይረሰርሳል። ከቦዩ ጫፍ ያለው ግን ውሃውን መንገድ ላይ አፈር እየጠጣበት በዚያው አንድ ሰዓት መደቡ እንኳ አይሞላለትም። ታዲያ የውሃ አባቱ ለሁለቱ እኩል ሰዓት ይስጥ ወይስ እኩል ውሃ? እኩል ሰዓት ከሰጠ ጫፍ ላይ ያለው ይጎዳል። እኩል ውሃ ልስጥ ካለ ቀኑን ሙሉ ውሃው ወደ ጫፍ ሲፈስ ይውልና አብዛኛውን የሚጠጣው የቦዩ አፈር ይሆናል። ደልዳዩ የገባው እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ ጥያቄው በሰከንድ ሺህ ጊዜ መምጣቱ ነው።

በቁጥር እንየው። ሁለት ስልክ ብቻ አለ እንበል፤ ሴሉን ለብቻቸው ቢይዙት አንዱ በሰከንድ 20 ሜጋቢት፣ ሌላው 1 ሜጋቢት ማውረድ ይችላሉ። ሁልጊዜ ሲግናሉ ለሚሻለው መስጠትን ደንብ ካደረግን ቅርቡ 20፣ ሩቁ 0 ያገኛል። የማማው አጠቃላይ ፍጥነት በሪፖርት ሲታይ ከዚህ የሚያምር የለም፤ ከጋራው ጀርባ ላለው ግን ማማው እንዳልተተከለ ነው። ሁለቱም እኩል ፍጥነት ያግኙ ብንል ለሩቁ ከጊዜው 21 እጅ 20ውን መስጠት ይኖርብናል። ያን ጊዜ እያንዳንዳቸው 0.95 ያገኛሉ፤ 20 ሊያወርድ የሚችለው ሴል በድምሩ 2 እንኳ አልሞላም። እኩል ጊዜ ብንሰጣቸው ደግሞ ቅርቡ 10፣ ሩቁ 0.5 ይደርሰዋል።

ዛሬ አብዛኛው ኔትወርክ የሚሠራበት ደንብ ከሦስቱ አንዱም አይደለም፤ ለሦስተኛው ግን የቅርብ ዘመድ ነው። ሐሳቡን በሒሳብ ያጠራው የኬምብሪጁ ፍራንክ ኬሊ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዴቪድ ትሴ በኳልኮም ኩባንያ ለሞባይል ዳታ ደልዳይ አደረገው። ደንቡ በአንድ ማካፈል ይጠቃለላል። ስልኩ አሁን በዚህች ሚሊ ሰከንድ ማውረድ የሚችለው፣ በቅርብ ሰከንዶች በአማካይ ላወረደው ይካፈላል፤ ውጤቱ የበለጠለት ተራውን ያገኛል። ብዙ ያገኘ ሰው አካፋዩ እያደገ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የቆየበት ሰው ወደ ፊት ይመጣል።

የዚህ ደንብ ብልሃት የሚታየው ሲግናል ሲለዋወጥ ነው። ሞገድ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከገደል ፊት፣ በአጠገብ ከሚያልፍ አይሱዙ ላይ እየነጠረ በብዙ መንገድ ስልኩ ዘንድ ይደርሳል። የመጡት ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ፤ ስልኩ አንድ ስንዝር ቢንቀሳቀስ ሁኔታው ሌላ ነው። ለድሮ የሬዲዮ መሐንዲስ ይህ መለዋወጥ ጠላት ነበር። አዲሱ ደንብ ግን እያንዳንዱን ሰው ከራሱ አማካይ ከፍ ባለበት ቅጽበት ጠብቆ ይሰጠዋል። የሩቁ ስልክ ከቅርቡ ጋር አይወዳደርም፤ ከራሱ ትናንት ጋር ነው የሚወዳደረው። ሰዉ በበዛ ቁጥር ከፍ ብሎ የሚገኝ አንድ ሰው አይጠፋምና ሴሉ በድምሩ ይጠቀማል። በዚህ ዘመን ከተሠሩ የምሕንድስና ሐሳቦች መካከል ከልቤ የማደንቀው ነው።

ሆኖም የሲግናሉን መዋዠቅ ትተን ስናየው ደንቡ እኩል ጊዜ ከመስጠት አያልፍም። ለሩቁ ሰው ያው 0.5 ነው። ደልዳይ የተሰጠውን ያከፋፍላል እንጂ የሌለ አይጨምርም። ለምዕራብ ሐረርጌ የሚበጀው ውሳኔ ከእሱ በላይ ነው የሚገኘው፦ የትኛው ባንድ ለየትኛው ሰው ይሁን በሚለው ላይ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው አሮጌው መንገድ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል በሜዳ ይመጣና ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። ሜዳው ላይ ሞገድን የሚከለክል ብዙ ነገር የለም፤ አንድ ማማ ሩቅ ያያል። ጭሮ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በጋራ መካከል ያለች ከተማ ናት። የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ሰው ነበሩ። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ የተባለችው ይህች ከተማ፣ ወደ ምሥራቅ ሂርና፣ ወደ ደቡብ በደሳና ገለምሶ፣ ሁሉም ቁልቁለትና ዳገት በሚለዋወጥበት አገር የተቀመጡ ናቸው። ቡናውና ጫቱ የሚበቅለው በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው። ገበሬውም የሚኖረው ማማውን በማያይ ሸለቆ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ በካርታ ላይ ከማማው ሦስት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው።

ለእንዲህ ያለ አገር የባንዶች ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚጓዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1800 የሚጓዘው የዚያ ግማሽ። ክፍት በሆነ ቦታ፣ በተመሳሳይ ዓይነት አንቴና፣ በአንድ ዓይነት ርቀት ላይ፣ ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ጋራ ሲገጥመው ደግሞ ረጅሙ ሞገድ በጋራው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ወደ ሸለቆው የመውረድ አቅሙ ይሻላል፤ በቤት ግድግዳም የተሻለ ያልፋል። ችግሩ ዝቅተኛው ባንድ ጠባብ መሆኑ ነው። በእኛ የዓለም ክፍል ለሞባይል የተለመደው የ900 ባንድ ለመላኪያና ለመቀበያ ለእያንዳንዳቸው 35 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲኖረው የ1800 ባንድ 75 አለው። ከዚያች 35 ላይ ደግሞ 2ጂ ድርሻውን ይወስዳል። በገጠር ብዙ ሰው በእጁ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ 2ጂ ቢዘጋ ድምፁ ይቋረጣል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ያችኑ ጠባብ ባንድ ለአሮጌው ስልክ ጥሪና ለአዲሱ ስልክ ዳታ ይከፍላታል።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ቀላል ነው፤ እኔም በዚህ ምዕራፍ አጥብቄ የምለው ይህን ነው። ማማው ሥር ያለ ሰው በዝቅተኛው ባንድ መስተናገድ የለበትም። እሱ በ1800ም ሆነ ከዚያ በላይ ባለ ባንድ ይሰማል፤ ከጋራው ጀርባ ያለው ግን ከ900 በቀር ሌላ የለውም። ነገሩ ለራሱ ከተተወ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ዝቅተኛው ባንድ በየትም ቦታ ጠንክሮ ስለሚሰማ ስልኮች ወደ እሱ ያዘነብላሉ፤ ከተማ መሃል ያሉት ሁሉ የሩቁን ሰው ብቸኛ መንገድ ይሞሉበታል። ይህን የሚያስተካክለው ኔትወርኩ ለባንዶች የሚሰጠው የቅድሚያ ቁጥርና ስልክ ከባንድ ወደ ባንድ የሚዛወርበት የሲግናል ወለል ነው። ሁለቱም በሶፍትዌር የሚሞሉ ቁጥሮች ናቸው። አዲስ ማማ አይጠይቁም፤ የከፍተኛው ባንድ መሣሪያ ማማው ላይ ካለ፣ ቦታውን አውቆ ቁጥሩን የሚያስተካክል መሐንዲስ ይበቃቸዋል።

የዳታ ተራ ሲጠፋ ሌላው ነገር ሁሉ ይቆማል ማለት አይደለም። የጫት ነጋዴው ቪዲዮ አልከፍት ባለው ሰዓት በ*127# ቴሌብር ከፍቶ ገንዘብ ሊልክ ይችላል። ይህ አገልግሎት በ2ጂ ላይ ሲሠራ የሚያልፈው ስልክና ማማ ጥሪ ለማገናኘት በሚነጋገሩበት ትንሽ መስመር ነው፤ የዳታውን ወረፋ አይጠብቅም። ጥቂት ፊደላት ብቻ ስለሚልክም ይበቃዋል። የራሱ ጣጣ ግን አለው። ያ መስመር ጠባብ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲሞክር የሚታነቀው እሱ ነው።

በ4ጂም ተራ ከመያዝ በፊት በር ማንኳኳት አለ። አንድ ስልክ ብሎክ ለመጠየቅ ሴሉ ካዘጋጃቸው 64 የማንኳኪያ ድምፆች አንዱን መርጦ ይልካል። ሁለት ስልኮች በአንድ ጊዜ አንዱን ከመረጡ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ትንሽ ቆይተው እንደገና ይሞክራሉ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚዎች ከአዲስ አበባ በዚህ መንገድ ሲያልፉ ጭሮና ሂርና ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ለሌላ ብዛት በታቀደ ኔትወርክ ላይ ይወድቃሉ። እንዲህ ላለው ቀን የትም አገር ያሉ ኦፕሬተሮች በመኪና የሚመጣ ተንቀሳቃሽ ጣቢያ ያቆማሉ፤ የማንኳኪያውን ጊዜም ያበዛሉ። የበዓሉ ቀን ዓመቱን ሙሉ ስለሚታወቅ ይህ ከሁሉም የቀለለው ሥራ ነው።

ከባዱ የኦፕሬተሮች ነገር ነው። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን አንድ የቴሌኮም ድርጅት ነበራት። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ስፔክትረሙን የሚያስተዳድረውም እሱ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ሁለተኛውን ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መሞከር የጀመረው እዚያው ምሥራቅ፣ በድሬዳዋ ነበር። ውድድሩ ለተጠቃሚው ጥቅም እንዳመጣ አምናለሁ። የሬዲዮ ሒሳብ ግን አንድ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህን ዋጋ ያሰላልን የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው፤ ቀመሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። አንድ የ2ጂ ሴል 7 የጥሪ መስመር አለው እንበል። ከ100 ጥሪ ከ2 በላይ እንዳይመለስ ከተፈለገ፣ በአማካይ በአንድ ጊዜ 3 የማይሞላ ጥሪ ብቻ ነው የሚችለው። መስመሮቹ 14 ሲሆኑ ግን የሚችለው 6 አይደለም፤ 8 ያልፋል። አብሮ የተቀመጠ ሀብት ተለያይቶ ከተቀመጠው ይበልጣል፤ አንዱ ሲጨናነቅ የሌላው ባዶ መስመር ይደርስለታልና። መሃል አዲስ አበባ ላይ ሁለት ኦፕሬተር ስፔክትረሙን ቢካፈለው ለየራሳቸው የሚበቃ ደንበኛና ማማ አላቸው። ከመቻራ ወዲያ ባለ ቀበሌ ግን ሁለቱም በየግላቸው ጠባብ ሴል ሲያቆሙ፣ ወይም ሁለቱም ሳያቆሙ ሲቀሩ፣ የሚጎዳው ያው የጋራው ጀርባ ሰው ነው። ማማ መከራየት በሁለቱ መካከል ተጀምሯል፤ ብረቱን መጋራት መልካም ነው። ሰው በተራራቀበት ቦታ ግን ሞገዱንም በአንድ መሣሪያ አጣምሮ መጋራት፣ ወይም የአንዱ ደንበኛ በሌላው ኔትወርክ እንዲስተናገድ ማድረግ ከኤርላንግ ሒሳብ የሚወጣ ግልጽ መልስ ነው። ባለሥልጣኑ ይህን ለገጠር ሊያዝበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ በመለኪያ ላይ የቆመ ነው፤ መለኪያው ደግሞ አስፋልቱን ይወዳል። የኔትወርክ ጥራት በብዛት የሚለካው መሣሪያ በጫነ መኪና ነው። መኪናው ከሚኤሶ ተነስቶ በጭሮና በሂርና አድርጎ ሲያልፍ መንገዱን በአረንጓዴ ይቀባዋል፤ መኪና የማይገባበት ተዳፋት ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። የ4ጂን ደረጃ የሚያወጣው 3ጂፒፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባጠናቀቀው ዝርዝር ውስጥ ለዚህ መፍትሔ አስቀምጧል። ስልኮች ራሳቸው፣ በባለቤታቸው ፈቃድ፣ የሚደርሳቸውን የሲግናል መጠንና ያሉበትን ቦታ መዝግበው ለኔትወርኩ ይልካሉ። ዳታ በማይለዋወጡበት ሰዓት የመዘገቡትንም ይዘው ይቆዩና ሲገናኙ ያስረክባሉ። የገበሬው ልጅ ስልክ ከማሳው እስከ ገለምሶ ገበያ ሲሄድ የት ላይ እንደጠፋ፣ የት ላይ በ1ኛው ደረጃ ሲንጠለጠል እንደቆየ ለይቶ ያሳያል። የሽፋን ግዴታ በፈቃድ ውል ውስጥ ሲጻፍ የሚመዘነው በዚህ መዝገብ ቢሆን፣ የ900 ባንድ ቁጥሮችም በየሦስት ወሩ ከዚሁ ተነስተው ቢስተካከሉ፣ ከ50 ሺሁ ብሎክ ስንቱ በየትኛው ሸለቆ እንደሚያልቅ ኦፕሬተሩም ባለሥልጣኑም በአንድ ካርታ ላይ ያዩታል።